ከመጋዘኑ በላይ

ተቆጣጣሪው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከወንበሩ ሳይነሣ በሞላው ቅጽ፣ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ የቀለም ማቅጠኛ የሚከማችበትን መጋዘን «ተራ ዕቃ ማከማቻ» ብሎ መድቦት ነበር። «ከላይ ነዋሪ የለም» የሚለውንም ከጎረቤት ሕንፃ ቅጽ ገልብጦ ፈረመበት። ባለፈው ወር ታላቅ እኅቱ በዚያ ፊርማ ተማምና ከመጋዘኑ በላይ ያለውን ቤት ተከራየች፤ ከሁለት ልጆቿም ጋር ገባችበት።

ዛሬ ምድቡን «አደገኛ» ብሎ ለውጦ ሊያስወጣቸው በቀትር መጣ። የማቅጠኛውን በርሜሎች ሲቈጥር እኅቱ ከደረጃው አናት ተጣራች።

«አንተ! ምሳ ሳትበላ ብትሄድ እቀየምሃለሁ!»

«መጣሁ እትዬ! ይቺን ወረቀት ላስተካክል።»

የቀድሞውን ቃል ሰርዞ «አደገኛ፤ ከላይ ሦስት ነዋሪዎች አሉ» ብሎ ጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ መልሶ ቢያየው «ተራ ዕቃ፤ ከላይ ነዋሪ የለም» ይላል፤ ጽሕፈቱም የገዛ እጁ ነው። ዳግመኛ ሰርዞ ጻፈ፤ ያው ሆነ። ብዕሩን ጥሎ ወደ ደረጃው ሮጠ። ደረጃው በነበረበት ስፍራ ኖራው ያረጀ ግድግዳ ቆሟል።

«ደረጃው የት ሄደ?»

«የምን ደረጃ?» ብሎ ሳቀ የመጋዘኑ ጠባቂ። «ከላይ ሰው የለም ብለው የፈረሙት ራስዎ አይደሉም እንዴ? ፀሐይ መታዎት መሰለኝ፣ ጌታዬ።»

ተቆጣጣሪው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ግድግዳው ይሞቃል።

«አንተ» አለች እኅቱ ከላይ፤ ጠባቂው ቀና ብሎም አላየ። «የምን ሽታ ነው? በሩንም እኮ አጣነው።»