ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው መስኮት

ኧረ ቆዩ፣ ሳቄ ይውጣልኝና ልንገራችሁ! አሞስ በዝናብ አንሶላ ሲያሰጣ ያየ ሰው ሳይስቅ ማውራት አይችልም። ዋናው ግን መጨረሻው ነው፤ እዚያ እስክንደርስ ቻሉኝ።

አሞስ የእህቴ የሂልዳ ባል ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር በግ ያረባል። ቤታቸው ከነጣሪያው ድንጋይ ነው፤ ከበሩ በላይ 1671 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። ጥንታዊ ተብሎ ስለተመዘገበ ያለ አካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ አንዲት ድንጋይ መነቅነቅ ክልክል ነው።

አሞስ ግን ነቀነቀ። የወጥ ቤቱ መስኮት መሐሉ ላይ የድንጋይ ምሰሶ ቆሞበት ነፋስ ያስገባ ነበር። ሂልዳ ዕቃ ስታጥብ ጣቶቿ እየደነዘዙ ስትነጫነጭበት፣ ምሰሶውን ነቅሎ የፕላስቲክ መስኮት ገጠመላት። ምሰሶውን የዶሮ ቤቱን አስደገፈበት።

«ይሄ መስኮት ከወጣ እኔም ተከትዬው እወጣለሁ» ብላዋለች። ሂልዳ ደግሞ ካለች አለች ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጃቸው ኤስተር ከከተማ በአውቶቡስ ልትመጣ ነበር። በስልክ «የምነግራችሁ ነገር አለ» ብላለች። እኔም ሄጄ ድንች እየላጥኩ ነው። አሞስ በሳሎኑ መስኮት አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ክራባት ያሰረ ወጣት ግቢው መሐል ቆሞ ጣሪያውን ይመለከታል።

«የምክር ቤት ሰው ነው! መጡብኝ!»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አለች ሂልዳ። «የትኛው የቢሮ ሰው ነው ቅዳሜ የሚሠራው?»

«ሰው የሚይዙት እንዲህ አዘናግተው ነው!»

እኔና ሂልዳ ቁምሳጥኑን ገፍተን መስኮቱን ከውስጥ ጋረድነው። አሞስ በጓሮ ዞሮ ከውጭ አንሶላ ሰቀለበት። ዝናቡ ይወርዳል።

«ኦወን እባላለሁ» አለ ወጣቱ፣ አሞስን ጓሮ ሲያገኘው። ክራባቱን ደጋግሞ ያጠብቃል። «አንሶላው አይረጥብም?»

«ገና እየታጠበ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቤትዎ ግሩም ነው። ግድግዳው እንዴት ወፍራም ነው!»

«ምን ግሩም አለው፣ የአይጥ መፈንጫ!»

«በሩ ላይ ያለው ዓመትስ?»

«አያቴ ሰክሮ የቀረጸው ነው።»

ኦወን ዶሮ ቤቱ ጋ ጎንበስ ብሎ ምሰሶውን ዳበሰው። «ይሄስ ከየት መጣ?»

«እኔ እንጃ፤ ዶሮዎቹን ይጠይቁ።»

እኔ የጓሮው በር ላይ ቆሜ ስሰማ አፌን በሽርጤ አፈንኩ።

ሻይና የዝንጅብል ኬክ ቀረበለት። ይበላል፣ በሩን ያያል፣ ይበላል። በመጨረሻ ሲኒውን አስቀምጦ ተነሳ።

«ጋሼ አሞስ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ አልሄድም።»

«አይጠይቁኝ!» አሞስ ጮኸ። «ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነው! ምሰሶውን በገዛ እጄ ነቀልኩት፣ ፈቃድም የለኝም! ግን መስኮቱን ካስነሱት ሚስቴ ጥላኝ ትሄዳለች!»

ኦወን ወደ ቁምሳጥኑ ዞር አለ። «እኔ እኮ... የመጣሁት ኤስተርን ለጋብቻ ልጠይቅዎ ነው። ‹አባቴ ቤቱን ይወዳል፤ ቀድመኸኝ ከደረስክ ቤቱን እያደነቅክ ጠብቀኝ› ብላኝ ነው።»

የሻይ ማንቆርቆሪያው ከእጄ አመለጠ። አሞስ ዘሎ አቀፈው።

«አንተ ወመኔ! ልቤን ልታቆማት ነበር እኮ! ውሰዳት፣ መርቄ ሰጥቼሃለሁ!»

«ልጅቷ በግ ናት እንዴ!» አለች ሂልዳ፣ እየሳቀች።

አሞስ ማን ይስማት! ቁምሳጥኑን ራሱ ገፍቶ መስኮቱን በኩራት አሳየው። «እየው፣ ነፋስ የሚባል አያልፍም! እነዚያ የምክር ቤት ጅሎች ዕድሜ ልካቸውን ቢፈልጉት አያገኙትም!»

ኦወን የመስኮቱን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰው።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ኦወን ሂልዳን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ክራባቱን ላላ አደረገ።

«ምክር ቤት ነው የምሠራው፤ የጥንታዊ ቤቶች ተቆጣጣሪ ነኝ። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፣ አባባ።»