የመጨረሻው ቀፎ ዘበኛ

ቀይዋ ተርብ የመጨረሻው ቀፎ አፍ ላይ ስታርፍ ሽማግሌው ሸበጡን አነሳ። አምና እንዲህ ያሉ ተርቦች ሁለት ቀፎ ንብ ፈጅተውበታል፤ ዘንድሮ መስከረሙን ሙሉ በቆጵሮስ ፀሐይ፣ አንድ እግሩ ባዶ፣ ዘብ ቆሞ ከርሟል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቆይ!" ሚስቱ ክሪስታላ ክንዱን ያዘችው። "እያቸው እስቲ!"

ንቦቹ ጎርፈው ወጥተው ተርቧ ላይ ተከመሩ፤ ሎሚ የሚያክል ድቡልቡል ሆኑ። መንደፊያቸው ቆዳዋን አይበሳምና እላይዋ ላይ ተጣብቀው አፈኗት።

"ያዟት! እንዳትለቋት፣ የኔ አንበሶች!" ሽማግሌው እየዘለለ ጮኸ።

ድቡልቡሉ ሲበተን ተርቧ ሞታ ዱብ አለች።

"በል እንግዲህ፣ ከሥራህ ተባረርክ" ብላ ክሪስታላ ሳቀች።

"ለካ ሥራቸውን ስሻማባቸው ነው የከረምኩት!" አለ። ሸበጡን መሬት ላይ ጣለና፣ ሳይቸኩል፣ እግሩን አጠለቀ።