ነፋስ ከቀኝ

"ትንሽ ወደ ግራ ዞር በዪ" ይለኛል አጠገቤ የተቀመጠው ኢንጂነር ኩዣቫ፣ ጆሮዬ ላይ ባለው ማዳመጫ፣ በለስላሳ ድምፁ። አልዞርም። ሄሊኮፕተሯን ከሳሩ ሦስት ፎቅ ያህል ከፍ አድርጌ አየር ላይ አቁሜያታለሁ። ከቪስዋ ወንዝ የሚመጣው ነፋስ ቀኝ ጎኗን ይገርፋታል። ይሄን ነፋስ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

የድሮው ጭራ ጠላቱ የቀኝ ነፋስ ነበር። ከላይ ያለው ትልቁ ፕሮፔለር ሲዞር ገላዋን ወደ ግራ ሊያሽከረክራት ይታገላል። ይዞ የሚያቆማት ጭራዋ ላይ ያለው ትንሹ ነው፤ ትንሹን ደግሞ የምናዘው በቀኝ እግራችን፣ በፔዳል ነው። የቀኝ ነፋስ ትንሹን ካፈነው ግን ብትረግጠውም ባትረግጠውም ያው ነው። ወንድሜ ዜኖን ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ሜዳ ላይ የሞተው እንደዚያ ሆኖ ነው። የመጨረሻ ቃሉን በሬዲዮ ሁሉም ሰምቶታል። "ረግጫለሁ፣ አትመለስም" ነው ያለው። መርማሪዎቹ ግን የአብራሪው እግር ዘግይቷል ብለው ዘጉት።

ያንን ጭራ ነድፎ የሳለው ኩዣቫ ነው። በእኛ ፋብሪካ ወግ አለ፤ ጭራ የሳለ ሰው፣ ጭራው ሲፈተን ከአብራሪው ጎን ይቀመጣል። ዜኖን ጭራውን የፈተነ ቀን ግን ጌታው ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ቀረ። ጉንፋን! በሙታን ቀን ደግሞ አበባ ይዞ የዜኖን መቃብር ድረስ መጣና እናቴን "ጎበዝ ልጅ ነበር፤ እግሩ ብቻ…" አላት። እናቴ እጁን ይዛ አመሰገነችው። እኔ አጠገባቸው ሻማ እየለኮስኩ ነበር፣ አንጀቴ ድብን አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዘንድሮ አዲስ ጭራ ይዞ መጣ። ትንሹ ፕሮፔለር በቀለበት ታጥሯል፣ ክንፎቹም በዝተዋል። ጉልበት ይቆጥባል፣ ነፋስ አያፍነውም እያለ ሄሊኮፕተር ሊገዙ ለመጡት ሰዎች ሲያወራ ሰነበተ። ፈታኟ እኔ ነኝና፣ ወግ ወግ ነው፣ ኢንጂነሩ ካልተሳፈሩ አልነሳም አልኩ። ገዢዎቹ ፊት ምን ይበል? እየሳቀ ተሳፈረ። የሬዲዮውን ቁልፍ በጣቴ ተጭኜ እንደያዝኩት፣ የምንናገረው ሁሉ ታች በድምፅ ማጉያ እንደሚሰማ አያውቅም።

ታች ሳሩ ላይ አባዬ ማዳመጫውን አድርጎ ቆሟል። እኔንም ዜኖንንም መብረር ያስተማረን እሱ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ወደ መሬት ወረደ፤ አሁን በእጁ ምልክት እያሳየ ያሳርፈናል። ከቀብሩ ወዲህ ስለ ዜኖን አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ልጁ ሰነፍ እንዳልነበረ ዛሬ በገዛ ጆሮው እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

"ኢንጂነር፣ እውነቱን ይንገሩኝ" እላለሁ። "ዜኖን ረግጦ ነበር?"

"ይሄ አሁን ምን ያመጣል፣ ልጄ? ሥራችንን እንሥራ።"

ልጄ አለኝ። ቀኝ እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳለሁ።

አፍንጫዋ ወደ ግራ ይወረወራል። ወንዙ ያልፋል፣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ያልፋል፣ የእንጆሪው ማሳ ያልፋል፣ ወንዙ እንደገና ይመጣል። ኩዣቫ በሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ እግርሽን፣ እግርሽን፣ ርገጪ እያለ ይለምነኛል።

"ረግጫለሁ" እለዋለሁ። "አትመለስም።"

ያኔ ይገባዋል። ፊቱ አመድ ይመስላል። የምሠራው ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? "ወይ ተናገር፣ ወይ አብረን እንወርዳለን" እለዋለሁ። አንቱታው ከአፌ ጠፍቷል።

"ረግጦ ነበር" ይላል፣ ከጩኸትም ከልቅሶም በማይለይ ድምፅ። "እስከ መጨረሻው ረግጦ ነበር። ጭራው ነው ያልያዘው፣ የእኔ ጭራ ነው!"

አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። እግሬን እመልሳለሁ። ፔዳሉን ገና ግማሽ እንኳን ሳልረግጥ ቀጥ ትላለች። ነፋሱ እየገረፋት ንቅንቅ አትልም። የእጁን ይስጠውና፣ ይሄ ሰው ጥሩ ጭራ ሠርቷል። ያን ቀን ይሄ ጭራ ቢኖር ዜኖን ዛሬ እቤት ቁጭ ብሎ የአሳማ ሞራ የተቀባ ዳቦውን ይገምጥ ነበር። እንባዬ ይመጣል፣ ንዴቴም አብሮ ይመጣል።

"ታዲያ እግሩ ዘገየ ብለህ ለምን ዋሸህ?"

"እኔ አላልኩም" ይላል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "እኔ ዝም ነው ያልኩት፤ ዝም ማለቴ ኃጢአቴ ነው። እግሩ ከልጅነቱም ይዘገይ ነበር ብሎ ለመርማሪዎቹ የተናገረው አባትሽ ነው። ጭራው ነው ከተባለ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ከተማው ምን ይበላል አለኝ። የሞተ ልጅ ስም ምን ያደርግለታል አለኝ።"

ጣቴ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። ገዢዎቹም፣ መካኒኮቹም፣ ሁሉም ሰምተዋል። የሄሊኮፕተሯ አፍንጫ ልክ ወደ አባዬ ዞሯል።

"አባዬ" እላለሁ። "ውሸት ነው በል።" መልሱን ልስማ ብዬ ቁልፉን እለቃለሁ።

አባዬ ማዳመጫውን ከጆሮው ያወልቃል፣ ጎንበስ ብሎም ሳሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ቀና ይልና ሁለት እጆቹን አንስቶ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ውረጂ እያለ ወደ ራሱ ይጠራኛል።