የሲባጎው ቋጠሮ

አናጢው የሲባጎውን ጫፍ ቴሌቪዥን መሸጫው ውስጥ ካለው መደርደሪያ እግር ላይ ያስርና ወደ ኋላ እየሄደ ይዘረጋዋል። ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ቤታቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ እስከ ሶፋው ያለው ርቀት ይኸው ነው። ሴት ልጁ ከሱቁ ጥግ ሦስት ወንበር አምጥታ እዚያው ላይ ትደረድራለች።

«በዚህ ርቀት ይቺ መካከለኛዋ ቴሌቪዥን ልክክ ትላለች፣ ጋሼ» ይላል ሻጩ። «ካነሰች ዓይን፣ ከበለጠች አንገት ታደክማለች።»

ሚስቱ መሃል ትቀመጣለች። መስማት የተሳናት ናት። ቤት ውስጥ የሚወዱት የቀልድ ዝግጅት ሲጀምር፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለማየት በርጩማዋን ስባ ከቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ትሄዳለች። ተሳፋሪውን ሁሉ ከኋላዋ ስለምታስቀምጥ ልጇ ያወጣችላት ስም «ሾፌሯ» ነው። እሷ ስትስቅ ዞር ትላለች፣ እነሱም ስቀው እንደሆነ ለማየት። ስትዞር የእነሱ ሳቅ አልቋል። አናጢው ዛሬም ከቤት ሲወጣ ፈጣሪውን የለመነው ይህንኑ ነው፤ ከመሃላቸው እንድትቀመጥ።

«ታየሽ?» ይላታል በእጁ።

ዓይኗን ታጠብባለች። «አስተርጓሚው ጣት የለውም» ትለዋለች፣ እሷም በእጇ።

«እንዴ፣ ስክሪኑ ሰፊ ነው እኮ» ይላል ሻጩ ልጅቱ ስትተረጉምለት።

«ለእኛ ነዋ። ለእሷ ቴሌቪዥኑ ያቺ ጥግ ላይ አስተርጓሚው ያለባት ሳጥን ናት» ይላል አናጢው።

ሻጩ ከሁሉ ትልቁን ያበራል። አሁን ጣቶቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። የአናጢው ፊት ይፈካና ወዲያው ይጨልማል። ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥኑ የሚቀመጥበትን፣ በበሩና በመስኮቱ መካከል ያለውን ግድግዳ እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ ይህን የሚያህል ነገር አይይዝም።

«በሩን እንንቀለው?» ትላለች ልጅቱ።

ሚስቱ ግን ሲባጎውን እያየች ነው። «ሶፋችን ለምንድን ነው ከግድግዳ የተለጠፈው?»

ሶፋውን የሠራውም አናጢው፣ እዚያ ያስጠጋውም እሱ። ሶፋ ሌላ ቦታ ይቀመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ግድግዳው እንዳይወድቅ» ይላታል።

ትስቃለች። ተነሥታ ወንበሯን ወደ መካከለኛዋ ቴሌቪዥን ትጎትታለች፣ ቁጭ ብላ ታያለች፣ ደግማ ትጎትታለች። ከዚያ እንደ ታክሲ ረዳት እጇን ታውለበልባለች፦ «ተሳፋሪዎች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ።»

አናጢው ሲባጎውን ጥሎ ወንበሩን ያነሣል። ልጅቱም ትከተላለች። ግራና ቀኝ፣ ትከሻ ለትከሻ።

ስክሪኑ ላይ ቀልደኛው የሆነ ነገር ይላል፤ የአስተርጓሚው ጣቶች ይርመሰመሳሉ። ሦስቱም በሳቅ ይፈነዳሉ፣ አንድ ላይ። «ተመስገን» ይላል አናጢው በልቡ።

እሷ በልማድ ዞር ትላለች። ከኋላዋ ባዶ ወለል፣ ወለሉ ላይ የሲባጎው ቋጠሮ።