የከተማው ጆርናል

ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ልጃቸው ዶክተር ሶስና ጥናቷን የምታሳትምበትን ጆርናል ስትመርጥ ከጎኗ አልተነሡም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሕክምና ጥናት አንዴ ከታተመ፣ ጆርናሉ በሚነበብበት አገር የተጻፈው ሁሉ በሰው ገላ ላይ ይፈጸማል። አምና የከተማው ጆርናል ሻይ የመርሳት በሽታ ያመጣል ብሎ ሲያትም፣ እሳቸው ወሬውን ሳይሰሙ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጆቻቸው ስም ግድግዳው ላይ በከሰል ተጽፏል።

«ያጠናሁት መድኃኒት ይህ ትኩሳት ከያዛቸው አሥር ሕፃናት ሰባቱን ያድናል፣ እማዬ።»

«ሦስቱስ?»

«ካላሳተምኩት አሥሩም ያልቃሉ።»

«እንግዲያው ባሕር ማዶ ላኪው! እኛን ተዪን።»

«ትኩሳቱ እኮ ደጃችን ደርሷል። ባሕር ማዶ ብልከው የኛዎቹን ማን ያድናቸዋል?»

ሶስና የከተማውን ጆርናል መርጣ ላከችው።

ወይዘሮ አመለወርቅ ወደ መስኮቱ ሄዱ። የልጅ ልጆቻቸው ከተከራዮቹ ልጆች ጋር ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። እሳቸው ልጅ ሲቆጠር ይቀሠፋል እየተባሉ ነው ያደጉት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆጥረው አያውቁም። አሁን ግን ከንፈራቸው ሳያዙት መቁጠር ጀመረ። ሰባት ሲሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ግቢው ውስጥ ገና ያልተቆጠሩ ልጆች ይስቁ ነበር።