የበቅሎዋ ጠብታ

ዋና መካኒኳ ተንበርክካ ወለሉን ዳበሰችው። ደረቅ ነው። በአውሮፕላኗ ቀኝ ሞተር ስር፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠቁሮ የኖረው ሲሚንቶ ዛሬ ታጥቦ ነጥቷል። ቀና ብትል ሞተሩም እንደ አዲስ ድስት ያብለጨልጫል። ልቧ ስንጥቅ አለ።

"ማን ነው የነካት?"

ባሏ ከአውሮፕላኗ ደረጃ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ፤ ጨርቁ እጁ ላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሁለቱንም ሞተሮች በነጭ ጋዝ እንዳጠባቸው ነገራት። "እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የማይጠርግ ማን አለ?" አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

እሱ ወንበር የሚያለብስ ሰው ነው። በጦርነቱ ጥይት ይዛ ሄዳ ቁስለኛ ይዛ ስትመለስ የኖረችው አውሮፕላን፣ ሰላም ሲሆን መንገደኛ እንድትጭን ሲወሰን፣ ወንበሯን ያለበሰውም መጋረጃዋን የሰፋውም እሱ ነው። ሁለቱ የተዋወቁትም እዚያው ነው፤ እሷ ከሞተር፣ እሱ ከወንበር ሲወርዱ ደረጃው ላይ እየተጋጩ። ስለ ዘይት የሚያውቀው ግን ምንጣፍ ማበላሸቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ማንጠባጠቡ ጤናው መሆኑን፣ ጠብ የማይለውም ዘይቱ ያለቀበት ብቻ እንደሆነ ከቶ አስቦት አያውቅም።

ልትቆጣው ነበር፤ ግን አንጀቷን በላው።

የሚመጣው እንግዳ ገዢ ነው። የሚሠሩበት አየር መንገድ ጄት ስለገዛ በቅሎዋ ከእንግዲህ ማደሪያ የላትም። አውሮፕላኗን በቅሎዋ የሚሏት ጭነት ስለማትመርጥ ነው፤ ሙሽራም፣ የጫጩት ካርቶንም፣ ምጥ የያዛትንም ሴት ተሸክማለች፤ ማንንም መንገድ ላይ ጥላ አታውቅም። ዛሬ ገዢው እምቢ ካለ ግን፣ ከግቢው በር ውጭ መኪናውን አቁሞ የሚጠብቀው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ቆራርጦ ለድስት ያቀልጣታል።

ገዢው በጦርነቱ ጊዜ እንደዚህች ያለ አውሮፕላን ሲያበርር የኖረ ሽማግሌ ካፒቴን ነው። ውስጧን ዞሮ አየ። ምንጣፉን በጫማው ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ፣ የቁስለኛ ቃሬዛ ይታሰርበት የነበረው የብረት ቀለበት ብቅ አለ። ባል ገበናው የታየበት ያህል አፈረ። መካኒኳ ግን በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ቢባልም የእኛዋ ዘሯን አትደብቅም ስትል፣ ካፒቴኑ ከልቡ ሳቀ።

ከዚያ ወርዶ ሞተሩ ስር ጎንበስ አለ። ወለሉን በመዳፉ ዳበሰው። ሳቁ ጠፋ።

"ዘይት የላትም። ካላትም የደበቃችሁኝ ነገር አለ" አለ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ እህቴ።"

ባል ነገሩ የገባው ገና አሁን ነው። ቆሌው ተገፈፈ፤ ጨርቁን ጨምድዶ ያዘ። በጽዳት ሠራተኛ ላይ ሊያላክክ ይችል ነበር።

"እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ ጌታዬ" አለ። "እሷ አታውቅም። ለኔ ቆሻሻ ስለመሰለኝ ነው።"

ብዙ ዘመን አብራው ኖራለች፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ወዳው አታውቅም። ካፒቴኑ ኮፍያውን ሲያደርግ እሷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሞተሩ ራሱ ይናገራል አለችው፤ ከመሄዱ በፊት ግን ትከሻውን እንዲያውሳት ጠየቀችው። ሲያድር ከሞተሩ ግርጌ የሚጠራቀመው ዘይት እንዲወጣ ፕሮፔለሩ መጀመሪያ በሰው እጅ መዞር አለበት። ካፒቴኑ ይህን ማን ሊነግረው፤ ኮቱን አውልቆ ከባልየው ጎን ቆመ። ሦስቱም ገፉ። ፕሮፔለሩ እያቃሰተ ዞረ።

መካኒኳ የአብራሪው ወንበር ላይ ወጥታ ማስነሻውን ተጫነች። የዚህን ሞተር ሳል ከባሏ ሳል አብልጣ ታውቃለች። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ደገመ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ነጎደ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ካፒቴኑም ሳይታወቀው ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ በደንብ እስኪግል ጠብቃ አጠፋችውና ወረደች።

ሦስቱም ሞተሩ ስር ቆሙ። የጋለው ብረት ቀጭ ቀጭ ይላል። ምንም የለም። ከበሩ ውጭ ነጋዴው ጥሩምባውን ነፋ። አሁንም ምንም የለም። 

ጠብ አለ፤ አንድ፣ ጥቁር።

ካፒቴኑ በጣቱ ነካው፤ አሸው፣ አሸተተው። የተሸበሸበ ፊቱ ቀስ ብሎ ተፈታ።

"ያንን ባለመኪና አሰናብቱት" አለ። "እኔው ይዣት እበራለሁ።"

ባል በደስታ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ጨርቁን ይዞ ወለሉን ሊጠርግ ጎንበስ አለ። መካኒኳ የእጁን አንጓ ያዘችው። እንደያዘችው ሁለተኛው ጠብታ ወረደ።