የሰው ድግስ የምታደምቀው እናት

«ልጄን ምስኪን እንዲያስመስሏት ማን ፈቀደልዎት?!»

በሩን በእግሯ ገፍታ ነው የገባችው።

የልብስ ሰፊዋ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ...

ስፌት መኪናው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ዳቦ ተቀምጧል። ዳቦው ላይ አንዲት ቀጭን ሻማ። ዙሪያውን በወረቀት ኩባያ የተቀዳ ሻይ።

ከሻማው ኋላ የቆመችው የዘጠኝ ዓመት ልጇ፣ ስትዘምር የከፈተችው አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

እናትየዋን ሰፈሩ በሙሉ «ዲኮሯ» ነው የሚላት።

ሥራዋ አዳራሽ ማስዋብ ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደት... ሰው ሲደግስ እሷ ትጠራለች። መሰላል ላይ ወጥታ ጨርቅ ትሰቅላለች፣ ፊኛ ትነፋለች፣ አበባ ትደረድራለች። ሁለት ሴት ልጆቿን በዚሁ ሥራ ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

የራሷ ቤት ግን የልደት ሻማ በርቶበት አያውቅም።

ትልቋ ሰባት ሲሞላት «እማዬ፣ ጓደኞቼን ልጥራ?» አለች።

«ዘንድሮ ጊዜ የለኝም የኔ ቆንጆ። ለከርሞ አዳራሽ ይዤ፣ ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ አሠርቼ... ታያለሽ!»

ስምንት ሲሞላትም ለከርሞ ተባለ።

ዘጠኝ ሲሞላት ልጅቷ ጭራሽ አልጠየቀችም። እናትየውም «አደገች፣ ገባት» ብላ በልቧ ደስ አላት።

ጊዜ ማጣቷ እውነት ነው፣ አይካድም። ግን ካወራን አይቀር፣ ጊዜ ብቻ አልነበረም... ይሉኝታም አለበት። የሰውን ልደት በፊኛ ስታሽሞነሙን የምትውል ሴት፣ ለራሷ ልጅ ዳቦና ሻይ አቅርባ «ዲኮሯ ለልጇ ሲሆን ሰሰተች» ልትባል ነው? ሞታ ነው ቆማ!

ያን ቀን ከሰዓት አንድ ደንበኛ ፕሮግራሙን ሰረዘባትና ሳይታሰብ በጊዜ ቤቷ ገባች። ልጆቹ ሁሌ ከትምህርት ቤት መልስ ምድር ቤት ካሉት ልብስ ሰፊ ጋር ነው የሚቆዩት። ልትጠራቸው ወረደች።

በመስኮት ስታይ... ሻማ! ዳቦ! መዝሙር!

የልጅቷ ልደት ካለፈ ገና ወር አልሞላውም። እናቷ ያላከበረችላትን ጎረቤት በዳቦ እያከበረላት ነው!

ደሟ ፈላ። በሩን የገፋችው ያኔ ነው።

«እኔ ማድረግ አቅቶኝ ነው? ወይስ ለሰፈሩ ‘እናቷ ረሳቻት’ ለማለት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ስልሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚኝ። ልደቱ የእሷ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«ያንቺ ነዋ። ሐሙስ ነው አሉኝ። ሲለማመዱ ነው የደረስሽባቸው።»

ሐሙስ...

እሷ ራሷ የተወለደችበትን ቀን ረስታዋለች።

ይሄኔ ነው ትንሿን ያየቻት። የአምስት ዓመቷ ሚጢጢ የእናቷን ጫማ አጥልቃ፣ የእናቷን አሮጌ ቦርሳ አንግታ ጥግ ላይ ቆማለች።

«እሷ ደግሞ ምን እየሆነች ነው?»

«እሷማ አንቺን ሆና ከሥራ ስትገባ ነው» አለች ትልቋ ቀስ ብላ።

ሚጢጢ ጨዋታው የቀጠለ መሰላት። ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጣለች፣ ወገቧን ያዘች...

«ኡፍፍ! አሁን እንዳታናግሩኝ! ወገቤ ተቆርጧል፣ ዞር በሉልኝ!»

ቁርጥ እናቷን!

ዲኮሯ ልትስቅ ነበር... ግን አፈረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የሰው ልጆች እንዲስቁ መሰላል ስትወጣ ስትወርድ፣ የራሷ ልጆች እሷን ላለማስቸገር ሲጠነቀቁ ነው የኖሩት።

«ኩባያው ለምን የወረቀት ሆነ?» አለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«ዕቃ እንዳታጥቢ ብለን። ጫማሽንም ሳታወልቂ ነው የምንዘምርልሽ። ሻማውን እፍ ትያለሽ፣ ሻይሽን ትጠጫለሽ፣ ከዚያ ትተኛለሽ» አለች ትልቋ።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ... አፌ ቀደመኝ።»

«የኔ ጆሮ እንኳ የስፌት መኪና ጩኸት ለምዷል። ይቅርታውን ለነሱ።»

ትልቋ ልጇ ፊት ተንበረከከች።

«የኔ እናት፣ ለምን ዛሬውኑ አናከብረውም? አሁን!»

«አይ እማዬ፣ አሁንማ ልምምድ ነው። መጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጅቶብን ነበር። ይበዛባታል ብለን ሁለተኛውን መዝሙር አወጣነው። አሁን ስምንት ደቂቃ ደርሰናል።»

ከዚያ የእናቷን ዓይን እያየች ጠየቀቻት።

«ሐሙስ ስምንት ደቂቃ ይኖርሻል?»

እናት ዓይኗን ሰበረች። ሐሙስ የሌላ ሰው ልጅ ልደት ልታስጌጥ ተቀጥራለች...

ልጅቷ ይህን ስታይ ደንገጥ አለች።

«ካልተመቸሽ... ስድስት ልናደርገው እንችላለን።»

...

ወዳጆቼ፣ ቀን ከሌት የምትሮጡ እናቶችን ልወቅስ አይደለም። ለማን እንደምትሮጡ ይታወቃል። ግን ልጆች አዳራሽ አልጠየቁንም። ዳቦም ይበቃቸዋል፣ ሻይም ይበቃቸዋል፣ ቤቱ ባይጠረግም ግድ የላቸውም። ሰው ምን ይለኛል ብለን ለከርሞ የምናሳድረው ደስታ ግን፣ ከርሞ ሲደርስ የሚጠይቀው ልጅ ላይኖር ይችላል።

እስቲ እውነቱን... ዛሬ ልጆቻችሁ እናንተን ሆነው ቢጫወቱ፣ በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚናገሩት ምን ይመስላችኋል? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።